ያልተተወነ ለቅሶ

ሐሙስ

ለቅሶውን አጨበጨቡለት። ሌላው ሁሉ ተተችቶ፣ ተቦጭቆ፣ ያ ብቻ ተጨበጨበለት። ከአዳራሹ ወጥቼ ፎቶ ቤቴን ሳልከፍት ቀጥታ ቤት ገባሁ።

ሁለት ዓመት የለፋሁበት ፊልም ነው ዛሬ የታየው። ቦንጋ ውስጥ ሰርግና ምርቃት እየቀረጸ የሚኖር ሰው የመጀመሪያ ፊልም። ገምጋሚዎቹ ከፊት፣ ሕዝቡ ከኋላ፣ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ሲያልቅ የባህል ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ወንድሙ እንደማንኛውም የመሥሪያ ቤት ግምገማ ከፈቱት፤ ደካማ ጎን፣ ጠንካራ ጎን፣ የወደፊት አቅጣጫ። ፊልምና የሩብ ዓመት ሪፖርት ለእሳቸው አንድ ነው።

ደካማ ጎን ተብለው የተያዙት፦
ጨለማ ይበዛዋል።
ፍቅር ያንሰዋል (የወጣቶች ተወካይ)። ፍቅር ይበዛዋል (የሴቶች ተወካይ)።
ባልየው መጠጣቱ የዞኑን ገጽታ ያበላሻል።
መንገዱ ጭቃ ሆኖ ታይቷል። ጭቃ ነው እኮ።

ጠንካራ ጎን ላይ ሲደረስ ሁሉም ለቅሶው አሉ። ባልየው ሞቶ እናቱና ሴቶቹ የሚያለቅሱበት፣ ሁለት ደቂቃ የማይሞላ ትዕይንት። አንድ መምህር ተነስቶ "ትወና ማለት ይህ ነው፤ እኚያን እናት ፈልጎ ያገኘ አዘጋጅ ሊመሰገን ይገባል" አለ። ያኔ ነው ያጨበጨቡት። እኔም ተነስቼ እጅ ነሳሁ። እጅ መንሳቴን አሁን ሳስበው ያመኛል።

አቅጣጫ፦ ፊልሙ በየወረዳው ይታይ። መጀመሪያ ጌሻ ወረዳ፣ ደካ ከተማ፣ በሚመጣው ሳምንት ቅዳሜ።

እኚያ እናት ተዋናይ አይደሉም። ቤታቸው ደካ ነው።

ዓርብ

አልወጣልህ ስላለኝ ልጻፈው። የዛሬ አራት ዓመት ደካ ተጠርቼ የእትዬ አስካለን ልጅ ቀብር ቀርጬ ነበር። ገረመው ይባላል፤ መምህር ነበር፤ ታሞ ነው የሞተው። ታናሽ ወንድሙ ወታደር ነውና ከጠረፍ መድረስ አልቻለም። በካሴት እንኳ አይቶ ይውጣለት ብለው ነው የጠሩኝ። ብዙ ቤት እንዲህ ያደርጋል። ቀረጽኩ፣ ገልብጬ ሰጠኋቸው፣ ዋናው ካሴት እኔ ጋ ቀረ።

በፊልሙ ሚስትየዋ ሆና የምትሠራው ሰላማዊት ናት፣ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል የምትሠራው። ጎበዝ ናት፣ ማልቀስ ግን አትችልም። ሽንኩርት ሞከርን፤ ዓይኗ ቀላ እንጂ ፊቷ አላዘነም። የሰፈር ሴቶች ሰበሰብኩ። ደረታቸውን መታ መታ እያደረጉ አንዷ ሳቀች፣ ሌሎቹ ተከተሏት። ሰው ሳይሞት ማልቀስ ሞት ይጠራል ያሉም ነበሩ፤ በማግሥቱ አንዳቸውም አልመጡም።

ካሴቶቼን ሳገላብጥ የደካው እጄ ገባ። እትዬ አስካለ ወገባቸውን በነጠላ ታጥቀው ደረታቸውን ይደቃሉ። የልጃቸውን ስም በካፊኖኖ ቋንቋ ይጠሩ ስለነበር ድምፁን አጥፍቼ የኪቦርድ ሙዚቃ ጫንኩበት። የሰላማዊትን ፊት መሃል መሃሉ ላይ ሰካሁ። ገጠመ። ሲገጥም ደስ አለኝ፤ ይህን መደበቅ አልችልም። ደካ ያለ ሰው የት ያየዋል ብዬ ተውኩት።

ዛሬ ሰላማዊት ፎቶ ቤት መጣች። "ሰው ሁሉ ስለ ለቅሶው እያመሰገነኝ ነው፤ ካርድ ሊያወጣ የመጣ በሽተኛ ሳይቀር። ሴቶቹን ግን ከየት አመጣሃቸው?" አለች። ዋጫ ከተማ ሄጄ ነው የቀረጽኳቸው አልኳት። ውሸት እንዲህ ቶሎ እንደሚመጣልኝ አላውቅም ነበር።

ቅዳሜ

ከተማው ፊልሙን እያወራ ነው። ክፉውን ባል የሠራው ደምሴ፣ ወፍጮ ቤት የሚሠራው፣ ዝንብ የማይነካ ሰው፣ ገበያ ሄዶ ቅቤ ሻጯ "ሚስቱን ለሚደበድብ አልሸጥም" ብላ መለሰችው። መጀመሪያ ቀልድ መስሎት ነበር። "በሚቀጥለው ደግ ሰው አድርገኝ፤ ካልሆነ ከዚህ አገር መልቀቄ ነው" አለኝ። ሳቅሁ። በሦስት ቀን ውስጥ የሳቅሁት ያኔ ብቻ ነው።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤቴ ጋሽ ኑሩ ጠሩኝ። ከወሎ መጥተው እዚህ ያረጁ ባለሱቅ ናቸው፤ ስኳር እየመዘኑም ቢሆን ዓይናቸው ከቴሌቪዥኑ አይነቀልም። ከገምጋሚዎቹ ሁሉ የምፈራው እሳቸውን ነው።

"ፊልሙ ጥሩ ነው" አሉ። "አንድ ነገር ብቻ አልዋጥልህ አለኝ። ያ ሰውዬ ሰካራም ነው፣ ሚስቱን ይመታል፣ እናቱን ሳይቀር ይሳደባል። እናትየው ግን እንደዚያ ሆነው ያለቅሱለታል።"

"እናት ናቸዋ ጋሽ ኑሩ።"

"እናትማ ለክፉም ልጇ ታለቅሳለች። እንደዚያ ግን አይደለም። እንደዚያ የሚለቀሰው ለሚያኮራ ልጅ ነው።" ስኳሩን ቋጥረው ለደንበኛው ሰጡ። "ሴትየዋ ያለቀሱት ሌላ ሰው እያሰቡ ነው።"

ሻማ ልገዛ ነበር፤ ሳልገዛ ወጣሁ።

እሑድ

ምን ይደረግ?
አንድ፦ ደካ ሲደረስ ፕሮጀክተሩ ተበላሸ ማለት።
ሁለት፦ የእትዬ አስካለን ፊት አጨልሞ መሸፈን። ጨለማ ይበዛዋል ተብያለሁ፤ ትንሽ ቢጨመር ማን ያውቃል።
ሦስት፦ እትዬ አስካለ እንዳይመጡ መጸለይ። ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ይህን ልጀምር ስል አፈርኩ።
አራት፦ ሄዶ መንገር።

አራተኛውን ሰርዤው ነበር። መልሼ ጻፍኩት።

ሰኞ

አቶ ወንድሙ ቢሮ ሄድኩ። ከደካ በፊት ዋጫ ቢሆንስ አልኳቸው። ደብዳቤው ወጥቷል አሉ። እንግዲያው ለቅሶውን ላውጣው፣ ትንሽ ችግር አለበት አልኩ። መነጽራቸውን አወለቁ።

"ጠንካራ ጎናችንን ነው የምታወጣው? ቃለ ጉባኤውን አንብበኸዋል?"

አላነበብኩትም ነበር። ሰጡኝ። በአስተያየት ስር እንዲህ ይላል፦ የለቅሶው ክፍል በጣም አስተማሪ በመሆኑ ቢራዘም።

ቢራዘም። ካሴቱ ውስጥ ገና አርባ ደቂቃ አለ። ማራዘም እችላለሁ፤ የሚያስፈራኝም እሱ ነው።

ማክሰኞ

ደካ አልሄድኩም። ሰርግ ነበረኝ እላለሁ። ሰርግ አልነበረኝም።

ረቡዕ

በጠዋቱ ሚኒባስ ሄድኩ። እትዬ አስካለ ግቢያቸው ውስጥ የተሰጣ ቡና አጠገብ ቁጭ ብለው ይለቅማሉ። የተነጋገርነው በካፊኖኖ ነው፤ እዚህ በአማርኛ ስጽፈው ይለዝባል።

ገና ሳያዩኝ የምለውን በልቤ እየደጋገምኩ ነበር። እሳቸው ግን ቀና ብለው "ገረመውን የቀረጸው ልጅ" አሉ። ስቀው ነው ያሉት። ያጠናሁት ሁሉ ጠፋኝ፤ እንደመጣልኝ ነገርኳቸው።

አልተቆጡም። "አሳየኝ" አሉ። ላፕቶፑን በርጩማ ላይ አድርጌ ከፈትኩት። አዩት። "ድገመው" አሉ። ደገምኩት።

"የሞተው ማነው?"

"የፊልሙ ሰውዬ ነው እትዬ። ተዋናይ ነው፤ አለ፣ አልሞተም።"

"ምን ዓይነት ሰው ነው?"

"ሰካራም ነው። ሚስቱን ይመታል።"

ወደ ቡናው ተመለሱ። አንድ ሁለት ፍሬ ለቅመው ጣሉ። "የኔ ልጅ ሰው ላይ እጁን አንስቶ አያውቅም" አሉ።

"አውቃለሁ እትዬ።"

"አታውቅም።"

ልክ ናቸው። ገረመውን በሕይወቱ አይቼው አላውቅም። እኔ የማውቀው የሬሳ ሳጥኑን ነው።

ቆይተው "ድምፄስ?" አሉ። ሙዚቃ እንደጫንኩበት ነገርኳቸው። "እኔ ዝም ብዬ ደረቴን አልደቃሁም። ስሙን ነው የጠራሁት። ያደረገልኝን ነው የቆጠርኩት። አንተ እሱን አውጥተህ ደረቴን ብቻ አስቀረህ።"

ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ይቅር ብያለሁም፣ አልልምም አላሉም። "አውጣው። ቅዳሜ መጥቼ አያለሁ። ካሴቱንም ይዘህ ና" አሉ።

ከዚያ ምሳ አቀረቡልኝ። እምቢ ማለት አልቻልኩም። ፊት ለፊቴ ተቀምጠው እስክጨርስ ጠበቁኝ። እንደዚያ ያለ ረጅም ምሳ በልቼ አላውቅም።

ሐሙስ

ለሰላማዊት ነገርኳት። ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ሆና ሰማችኝ፤ ከኋላዬ በሽተኛ ተሰልፏል።

"እንግዲያ ሳምንቱን ሙሉ በሰው ሐዘን ነው ምስጋና ስቀበል የከረምኩት" አለች ቀስ ብላ። "እዚሁ ቁጭ ብዬ እግዜር ይስጥልኝ እያልኩ።" ከዚያ ወደ ኋላዬ አየችና "ቀጣይ" አለች።

አትመጣም ብዬ ነበር። አሥራ አንድ ተኩል ላይ ከሥራ ስትወጣ መጣች። ሰላም ሳትለኝ "ምን ላድርግ?" አለች። "አታልቅሺ" አልኳት። ጋሽ ኑሩ ያሉት ከጆሮዬ አልወጣ ብሎ ነበር፤ ለእንደዚያ ዓይነት ባል ሚስቱስ ምን ታደርጋለች? ኮቱን ከሚስማሩ ላይ ታወርዳለች። ታራግፈዋለች። የት እንደምታስቀምጠው ግራ ይገባትና መልሳ ትሰቅለዋለች። በቃ።

አራት ጊዜ ቀረጽነው። በሦስተኛው ሚስማሩ ወለቀ። በአራተኛው ብርሃኑ ሊጠፋ ሲል ኮቱን ሰቅላ ትንሽ ቆማ ቀረች፤ ቁሚ አላልኳትም። እሱን ወሰድኩት። ስትወጣ "ዋጫ ነው ያልከኝ" አለች። ገና አልለቀቀችኝም።

ዓርብ

መብራት የለም። ጋሽ ኑሩ ጄኔሬተራቸውን ሰጡኝና ስቆርጥ ስቀጥል ዋልኩ። አዲሱን አሳየኋቸው፤ ለምን እንደቀየርኩት ግን አልነገርኳቸውም። እስከ መጨረሻው አዩት።

"አሁን ደግሞ ደረቀ" አሉ።

እውነታቸውን ነው። ደርቋል። የበፊቱ ያንቀጠቅጥ ነበር፣ ይሄ ኮት ነው። የበፊቱን ፋይል ላጠፋው ተቀምጬ ጣቴ እምቢ አለኝ። ከሠራሁት ሁሉ ጥሩው እሱ ነው፣ እኔ ግን አልሠራሁትም። ይህን ለራሴ ደጋግሜ ነገርኩና አጠፋሁት። ካሴቱን በጋዜጣ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

ቅዳሜ

ከደካ አሁን ገባሁ። ሳይጠፋኝ ልጻፍ።

የአዳራሹ መስኮቶች በብርድ ልብስ ተሸፍነው፣ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ሳይቀር ቆሞ ነበር። እትዬ አስካለ ከኋላ ሁለተኛው ረድፍ ላይ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው። ያ ቦታ ሲደርስ ሸራውን አላየሁም፤ እሳቸውን ነው ያየሁት። ወደፊት ጠጋ አሉ። ሰላማዊት ኮቱን አወረደች፣ አራገፈች፣ ሰቀለች። ቀጣዩ ትዕይንት ከገባ በኋላ ነው ወደኋላቸው የተደገፉት።

አቶ ወንድሙ ጆሮዬ ስር "ለቅሶው የታለ?" አሉ።

"አወጣሁት።"

"በማን ፈቃድ?"

ለቅሶውን ስከተው ይህን ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ግምገማው ተከፈተ። አንድ ወጣት "ሰው ሞቶ እንባ የለም፤ እኛ አገር እንዲህ ነው እንዴ?" አለ። ሌላው አዘጋጁ ለቅሶ መሥራት ስለማይችል አልፎታል አለ። የአገሩን ሴቶች የሚያውቅ፣ ይህን ባህል የሚያውቅ ባለሙያ ያማክር ተባለ። ተራ በተራ እየተነሱ ለቅሶዬን ከሰከሱት። እትዬ አስካለ ሁሉንም ሰሙ፤ እጃቸውን አላወጡም። በመጨረሻ ቃለ ጉባኤው ተጻፈ። ደካማ ጎን፣ ተራ ቁጥር አንድ፦ ለቅሶው አያሳምንም። አቶ ወንድሙ በቁጣ ገፋ አድርገው አቀበሉኝ። ፈረምኩ። እንደዚህ ቀልሎኝ የፈረምኩት ወረቀት የለም።

እትዬ አስካለ በር ላይ ጠበቁኝ። ካሴቱን ሰጠኋቸው። ጋዜጣውን ገልጠው አዩትና በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት። አንድ ነገር ይሉኛል ብዬ ቆምኩ። ስለ ልጃቸው፣ ስለ ይቅርታ።

"ፊልምህ ይረዝማል" አሉ።

"የቱ ጋ እትዬ?"

"መሃሉ። ሰውየው ቶሎ ቢሞት ጥሩ ነበር።"

ይህን ብለው ሄዱ። ይቅር ብለውኝ ይሁን አይሁን አላወቅሁም፤ በሚኒባሱ መንገዱን ሁሉ ሳስበው መጣሁ። መሃሉ ግን እውነትም ይረዝማል። ነገ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አየዋለሁ።