ለኔራ የቆምኩበት ሙግት

ዘመሮ፣ ጥር 2010 ዓ.ም.

ጥፋተኛው አጎትሽ ምንይሉ ነው። ሰላምታ ሳላስቀድም ይህን የጻፍኩት ሥርዓት ጠፍቶኝ አይደለም። ስንት ዓመት ሙሉ የሰላምታው ብዛት ዋናውን ነገር ሲውጥብኝ ስለኖረ ነው። አሁን ወደ ሰላምታዬ ልመለስ።

ለምወድሽ ልጄ፣ ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? የአዲስ አበባ ብርድ እንደኛ አገር አጥንት አይገባም ይላሉ፤ ቢሆንም ደረትሽን ሸፍኚ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፣ መድኃኔ ዓለም ይመስገን። ገብሱ ዘንድሮ ከውርጭ ተርፎ ገብቷል። ጥቁሯ በግ መንታ ወልዳለች። ተከልሎ የከረመው የጓሳ መስክ ለአጨዳ ሲከፈት የድርሻዬን ሣር አስመጥቼ የቤቱን ክዳን አሳድሻለሁ፤ ከእንግዲህ አያፈስም።

ይህን ደብዳቤ የጻፈልኝ ሰው የለም። አመተሥላሴ የምትባል ልጅ እግር አስተማሪ እኛን አሮጊቶቹን ሰብስባ ፊደል አስቆጠረችን። ከዚያ በፊት ለዘመድ ለወዳጅ ጸሐፊዬ ምንይሉ እንደነበር ታውቂያለሽ። እኔ ብዙ አውርቼ እሱ «ሁላችንም ደህና ነን» ብሎ ያሽገው ነበር። አንቺ ከሄድሽ ወዲያ ደግሞ እሱንም ተወው።

የሆነውን ከሥሩ ልንገርሽ፤ አንቺ ያላየሽው አለና። እሱ የመረጠልሽን ባል ትተሽ ትያትር እማራለሁ ብለሽ የሄድሽ ሰሞን ነው። በሰንበቴያችን ቅዳሴ ካበቃ በኋላ ለበሽተኛና ለመንገደኛ ስም እየተጠራ ጸሎት እንደሚደረግ ታውቂያለሽ። ስም የሚጠራው የሰንበቴው ሙሴ፣ አለቃው ማለት ነው፣ ያው ምንይሉ ነው። የዚያን እሑድ ከመንገደኞቹ ውስጥ አንቺን ዘለለሽ። መሪጌታ መርስዔ ኃዘን የእህትህን ልጅ ረሳህ ቢሉት፣ መንገደኛ ማለት ተመርቆ የሄደ ነው፣ ከድቶ የሄደ መንገደኛ አይባልም አላቸው። ዳቦዬን ሳልቆርስ ይዤ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ እኔም ብሆን ስምሽን ጮክ ብዬ አልጠራሁም።

አስፋውን ታስታውሺው ይሆናል፣ ሬዲዮ ጠጋኙን። ዲሽ ተክሎ ትልቅ ቴሌቪዥን ገዝቶ ቤቱን ሻይ ቤት አድርጎታል። አንድ ቀን ለሚስቱ የፈተልኩትን የበግ ጠጉር ላደርስ እንዝርቴን እንደያዝኩ ገባሁ። ሰዉ ሁሉ አፉን ከፍቶ ያያል። መሬት ነድዳ ያለቀችባቸው ሰዎች በመርከብ ተጭነው በሰማይ ላይ ሌላ አገር ፍለጋ የሚሄዱበት ተከታታይ ፊልም ነው። ሰዎቹ ፈረንጆች ናቸው፣ ንግግሩን ግን አዲስ አበባ ያሉ የኛ ሰዎች በላዩ ላይ በአማርኛ ይናገሩታል፣ አስፋው እንደሚለው። እኔ የክርስቶስ ባሪያ፣ ሰማይ ላይ መርከብ ምን ይሠራል ብዬ ልወጣ ስል፣ ከመርከቧ ጓዳ አንዲት ሴት «ውሃው እየጎደለ ነው» አለች።

እንዝርቴ ከእጄ ወደቀ።

ጠላ ሻጯ ዘነበች፣ «ምነው እማማ፣ መርከቧ በእርስዎ ላይ የምትወድቅ መሰለዎት?» ብላ ሳቀችብኝ። ጉልበቴ ነው ብዬ ተቀመጥኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ፊልሙ በመጣ ቁጥር እዚያ ነኝ። ሌላው ሰው የሴትዮዋን ፊት ያያል። እኔ ፊቷን አላይም ነበር፤ አንገቴን ደፍቼ እየፈተልኩ አዳምጣለሁ።

ኔራ ይሏታል። የውሃ ጋኖቹ ጠባቂ ናት። ዋናው ሰው የመርከቧ አዛዥ ነው፤ እሷ ብቅ ብላ ሁለት ቃል ተናግራ ትመለሳለች። በሷ ላይ ያልተባለ የለም። ፀጉር ቆራጩ አፈወርቅ አዛዡን ከማግባት በቀር ሌላ ሥራ የላትም ይላል። ዘነበች ደግሞ፣ ውሃ ጠባቂ ሆና ፊቷን አለመታጠቧ ነው የሚገርመኝ ትላለች። እኔ ብቻ፣ ይህች ሴት ብትጎድል መርከቧን በሦስተኛው ቀን ውሃ ጥም ይፈጃታል እላለሁ። የኔራ ጠበቃ አሉኝ። ይበሉኝ።

በመጨረሻ ኔራ የመርከቧን ዘር በሙሉ በትንሽ ታንኳ ጭና ጠፋች። ስትሄድ በሩ ላይ ቆማ፣ «አትፈልጉኝ አልልም» አለችና ወጣች። ልጄ፣ ገበሬ ፊት ዘር ይዞ መጥፋት ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ። ቤቱ ታመሰ። ቀድሞ የወደዷትም የዘር ሌባ አሏት። ምንይሉ ዜና ሊሰማ መጥቶ ጥግ ላይ ተቀምጦ ነበር። ተነሣና ወደኔ እያየ፣ እንዲህ ያለችውን አውቃታለሁ፣ በኛም ቤት አንዲት በቅላ ነበር አለ።

ያን ጊዜ ነው የቆምኩት። ነጠላዬን ከወገቤ አሰርኩና፣ «ጋሼ፣ በላ ልበልህ» አልኩት።

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ይህ አባቶቻችን በርስት ሲካሰሱ ዳኛ ፊት የሚሟገቱበት ነው፤ ለፊልም የቆመበት ሰው አይታወቅም። ምንይሉ ግን በሙግት የታወቀ ሰው ነው፣ ሰው ፊት ተጠርቶ አይቀርም። «ሴትዮ፣ ለውርርዱ ምን ታገቢያለሽ?» አለ። ሁለት ክረምት የፈተልኩትን ባና፣ የበግ ጠጉር ብርድ ልብሴን አገባሁ፣ ለመገነዣዬ ያልኩትን። እሱ በግ አገባለሁ አለ። በግህን አልፈልግም፣ ከተረታህ የማዝህን አንዲት ቃል በሰንበቴው ፊት ትናገራለህ አልኩት። አስፋው ዋስ ሆነኝ። ለእሱ አፈወርቅ ዋስ ቆመ። መሪጌታ መርስዔ ኃዘን ዳኛ ተባሉና ቴሌቪዥኑን አስጠፍተው ተቀመጡ።

ምንይሉ ክሱን አሰማ። የሰው ሁሉ ተስፋ የሆነውን ዘር ያለፈቃድ ወስዳለች፣ ያሳደጋትን ቤት ረግጣ ወጥታለች፣ ስሟ ከመርከቧ መዝገብ ሊፋቅ ይገባዋል አለ። በሚገባ ተናገረ፣ አልዋሽም። እኔም እንዲህ ብዬ ጀመርኩ፦

የተወቀጠው ዘር ከሙቀጫ ቀረ፣
የሸሸው ዘር ግን አገር አሳደረ።

ሳቁ ቆመ። ቀጠልኩ። ውርጭ ሲያስፈራን የገብሱን ዘር እኩሌታ መርሐቤቴ ቆላ ላለ ዘመድ እንልክ የለም ወይ አልኳቸው። ያንን የወሰደ አህያ ሌባ ተብሎ ያውቃል? ዘር የሰረቀ ይበላዋል፤ ኔራ ስትቆረጥም ያየ ይመስክር።

«ፈቃድ ጠይቃለች?» አለ ምንይሉ።

«ፈቃድ ሰጪው ራሱ ዘሩን ሊያስፈጭ አስቦ እንደሆነስ?»

«ይህን ፊልሙ አላለም። ከየት አመጣሽው?»

«ከድምጿ። ሌባ እንዲያ አይሰናበትም።»

መሪጌታ ሁለታችንንም ሰምተው ጨረሱ። ከዚያም፣ «ዘር በክርክር አይለይም፣ ሲበቅል ነው የሚለየው። ቀጠሮ ሰጥቻለሁ» ብለው ተነሡ። ፊልሙ ግን በዚያው አለቀ። ክረምቱን ሙሉ ባናዬም ቃሉም በዋስ እጅ ተንጠልጥለው ከረሙ። ሰው በገበያ ሲያየኝ ዘሩ በቀለ ወይ እያለ ይተርበኛል። እኔ የፈራሁት መሳቂያ መሆኔን አልነበረም። ፊልሙ እንዲህ ከቀረ ስምሽም እንዲያው ሳይጠራ ሊቀር ነው ብዬ ነው።

ከመስቀል በኋላ አስፋው እየሮጠ መጣ። ከዋናው ፊልም ተለይቶ ስለ ኔራ ብቻ የሚናገር ሌላ ፊልም ሊጀመር ነው አለኝ። አፈወርቅ ይህንን ሲሰማ ተገንጣይ ፊልም ብሎ ስም አወጣለት፣ ኔራ አንቀጽ ሠላሳ ዘጠኝን ተጠቅማ ወጣች ብሎ አሳቀን። ያለ አዛዡ ሳምንት አይዘልቅም ያሉ ብዙ ነበሩ። ዘነበችማ፣ ጨው ብቻውን ወጥ ይሆናል ወይ አለችኝ። ጨውማ ለብቻው አገር ዞሯል፣ ከድስቱ ወጥቶ የማያውቀው ወጡ ነው አልኳት። ከዚያ ወዲያ እሷም ወደኔ ዞረች።

ፊልሙ ተጀመረ። አሁን ኔራ ሁለት ቃል ተናግራ የምትመለስ አይደለችም። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የምትናገረው እሷ ናት። ልጄ፣ የዚያን ቀን ምን ያህል እንደጠገብኩ በምን ልጻፍልሽ? እንደ ጓሳ ያለ ነፋሻ ሜዳ ላይ ወርዳ አፈሩን በጥፍሯ እየጫረች ዘራች። በሦስተኛው ሳምንት ነገሩ ወጣ። አዛዡ ራሱና ሹማምንቱ ስንቅ ሲያልቅባቸው ዘሩን አስፈጭተው ሊበሉት ተማምለው ኖሯል። እሷ ጓዳ ሆና ሰምታ ነው ያሸሸችው። ሜዳው አረንጓዴ ሲሆን የአስፋው ቤት ሴቶች እልል አሉ። አፈወርቅ የምንይሉ ዋስ መሆኑን ረስቶ አጨበጨበ።

ምንይሉ ዱላውን አንሥቶ፣ «ይህ እኮ ፊልም ነው» አለ።

መሪጌታም፣ «ስትከሳት ፊልም አልነበረም?» አሉት። ሌላ ፍርድ አላስፈለገም።

እሑድ ሰንበቴ ላይ ቆመ። ያዘዝኩትን አንዲት ቃል በጆሮው ነግሬው ነበር። ፊቱ እንደ አመድ ሆኖ፣ የበሽተኞቹን ስም ጠራ፣ የመንገደኞቹን ጠራ፣ ከዚያም በሙሉ ድምፁ ያንቺን ስም ጠራ። የክርስትና ስምሽንም ጨመረበት፤ ይህን እኔ አላዘዝኩትም። «የኛ ልጅ ናት፣ መንገድ ላይ ናት፣ በሰላም ይመልስልን» አለ። ሕዝቡ አሜን አለ። ዳቦዬን እዚያው ቆርሼ በላሁ። ምንይሉን ይቅር ብዬዋለሁ ብልሽ ግን ውሸት ነው። ረትቼዋለሁ፤ ለጊዜው እሱ ይበቃኛል።

ከደብዳቤው ጋር ጥቂት ጦስኝ አስሬ ልኬልሻለሁ፣ ጓሳ የተለቀመ ነው። ባለፈው ሳምንት ኔራ ጉንፋን ይዟት ነበር፣ ጉሮሮዋ ተዘግቷል። ፊቷ ላይ ምንም አልነበረባትም ይላል አፈወርቅ። እሱ ምን ያውቃል? አፍልተሽ ማር ጨምረሽ ጠጪበት፣ ሲመሽ ደግሞ አትናገሪ።

የወለደችሽ ማኅፀን ትመርቅሽ። የዘራሽው ይብቀል፣ የተናገርሽው ይሰማ፣ ከወጣሽበት በር በክብር ያስገባሽ። አሜን።

በሩ ክፍት ነው፣ ክዳኑም አያፈስም። ሊያጫውተኝ የሚፈልግ እዚህ መጥቶ አጠገቤ ይቀመጥና ያጫውተኝ። እኔ ከእንግዲህ ድምፅ ፍለጋ አስፋው ቤት አልሄድም።

እናትሽ