ስለ ሰማያዊ ወንበሬና አምበር ስላልወሰደችው ዋንጫ

ለተከበሩ አቶ አካለ ወልድ
የ«ደጋው ድምፅ» ማኅበረሰብ ሬዲዮ ዋና ኃላፊ
ደብረ ማርቆስ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም ከቢሮዎ በር ላይ ለተንጠለጠለው ወፍራም መጋረጃ ሙሉ ጤና እመኛለሁ። ወገብዎን እንዳያምዎ፣ ጉሮሮዎን እንዳይዘጋዎ፣ ጆሮዎ ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ እንዲከፈትልዎ ዱዓ አድርጌያለሁ። እኔ ሙነወር እባላለሁ፤ አምበር ከተማ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ሬዲዮና ድምፅ ማጉያ እጠግናለሁ። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደል የቆጠርኩት በአባቴ ሱቅ ስኳር ይጠቀለልበት በነበረ ጋዜጣ ላይ ስለሆነ፣ ዐረፍተ ነገሬ መሃል ላይ ቢቀደድብዎ በትሕትና ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ይህን ግልጽ ደብዳቤ ለመጻፍ ያስገደደኝ ጉዳይ እጅግ ከባድ ነው፤ የፕላስቲክ ወንበሬ ጠፍቷል። ሰማያዊ ነው፣ መደገፊያ አለው፣ ከጀርባው በብየዳ ብረት «ሙነወር» ብዬ አቃጥዬ ጽፌበታለሁ። የእህቴ የሸሪፋ ልጅ፣ የጣቢያዎ የስፖርት ዘጋቢ ረውዳ፣ የወረዳዎች ዋንጫ ፍጻሜ ዕለት በሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስጭና ይዛው ሄደች። ጨዋታው ሊጀመር ሲል ለክብር እንግዶች አንድ መቀመጫ ስለጎደለ፣ የጣቢያዎ ሠራተኞች እሷን አስነሥተው ከሥሯ ወሰዱት። ሦስት ሳምንት ሆነው፤ አልተመለሰም። የክብር እንግዳው እስካሁን ተቀምጠውበት ከሆነ አይነሡብኝ፤ ሲደክማቸው ግን ቢላክልኝ።

እግረ መንገዴን፣ ከወንበሩ ጋር የተያያዙ ጥቂት ጥቃቅን ነገሮችን በቁጥር ላስቀምጥ።

አንደኛ፣ ልጅቱ ለምን ከቤት ወንበር ተሸክማ ትሄዳለች? በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ጣቢያዎ ስትገባ ክቡር ትሪቡኑ ላይ ያለው የጋዜጠኞች ቦታ ጠባብ መሆኑ ተነገራት፤ ወንዶቹ ከተቀመጡ በኋላ ቦታ ከተረፈ እንደሚታይላትም ቃል ተገባላት። ሰባት ዓመት ሙሉ አልተረፈም። ስለዚህ ከትሪቡኑ ማዶ፣ የከሰዓት ፀሐይ ፊት ለፊት በሚጋረፍበት ዳገት ላይ ወንበሬን አስቀምጣ ስትዘግብ ኖረች። ፊቷ ስለጠቆረ እናቷ «ይቺ ልጅ ጋዜጠኛ ናት ወይስ አጫጅ?» ትለኛለች። ለዚህ ሁሉ ፀሐይ በቤተሰቡ ስም አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ደብተሯ። ረውዳ ከማንኛውም ጨዋታ በፊት በየወረዳው ትዞራለች። ጉንደ ወይን ልምምድ ስታይ ውላ፣ ደጀን ላይ አሠልጣኝ ስታነጋግር አምሽታ፣ የእያንዳንዱን ተጫዋች ስም፣ ቁጥር፣ በየትኛው እግሩ እንደሚመታ፣ ባለፈው ወር ምን እንዳመመው ትጽፋለች። ከዚያ በደብተሩ ሁለት ገጽ ላይ ሜዳውን ትስልና ተጫዋቾቹን በየቦታቸው ታሰልፋለች። ይህ ደብተር በስቱዲዮዎ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ኖሯል። በሬዲዮ ሲነበብ የሚሰማው ግን የወንድ ድምፅ፣ የሚጠራውም የወንድ ስም ነው። ምክንያቱን ስትጠይቅ እርስዎ ራስዎ «የሴት ድምፅ ዜና ያምርበታል እንጂ ጎል አይችልም» ብለዋታል። ሠላሳ ዓመት ድምፅ ማጉያ ስጠግን የሴት ጎል አልችል ብሎ የተቃጠለ አንድም አልመጣልኝምና፣ ይህን ብልሽት ስላስተማሩኝ ባለ ዕዳዎ ነኝ።

በሴቶች ቀን ፎቶዋን በትልቁ አሳትመው «እናበረታታለን» ብለው በየመንገዱ መስቀልዎም አልተረሳም። አፏ ላይ የተደገነው ማይክሮፎን ገመዱ ተነቅሎ ተንጠልጥሎ እንደሚታይ ሌላው ሰው ባያስተውል፣ የእኔ ሙያ ነውና እኔ አስተውያለሁ።

ሦስተኛ፣ የፍጻሜው ዕለት። እዚህ ላይ ደብዳቤውን ቆመው እንዳያነቡት እለምናለሁ።

ለሰባት ዓመት ለመነች፤ በመጨረሻ የደጀንና የአምበርን ፍጻሜ በቀጥታ እንድታስተላልፍ ፈቀዱላት፤ ያውም ትሪቡኑ ላይ ሳይሆን ከዚያው ከለመደችው ዳገት፣ በስልክ። አንድ ሳምንት ሙሉ ሱቄ ውስጥ ተለማመደች፤ «ጎል!» ብላ በጮኸች ቁጥር ደንበኞቼ ደንግጠው ሬዲዮአቸውን ሳይወስዱ ይሮጡ ነበር። ጨዋታው ሊጀመር አሥር ደቂቃ ሲቀረው የጥበቃ ሠራተኛ ልከው፣ አስተላላፊው ትሪቡኑ ላይ የተቀመጡት አንጋፋ ባልደረባዋ አቶ አምደሚካኤል እንደሚሆኑና ደብተሩን እንድትሰጥ አዘዙ። ወንበሩም በዚያው ሄደ። ልጅቱ ግን ደግ ናት፤ «ሜዳው የተሳለው ከዚህ ከእኔ በኩል ነው፤ እርሳቸው ማዶ ስለሆኑ ግራውን ቀኝ አድርገው ያንብቡት በልልኝ» ብላ ላከች። አቶ አምደሚካኤልም «ደግሞ ግራና ቀኝ ልታስተምረኝ ነው?» ብለው መለሱ።

ደብተሩ ላይ አምበር በግራ ነበረች። እርሳቸው ከተቀመጡበት ሲታይ በግራ የቆመው ደጀን ነበር። ቡድኖቹን በማልያ ቀለም እንዳይለዩ፣ በዚያ ውድድር አንድ ጨዋታ እንኳ አላዩም። ደጀን በመጀመሪያው አጋማሽ ሁለት አገባ፤ እርሳቸው ሁለቱንም ለአምበር ሰጡን። ከዕረፍት በኋላ ቡድኖቹ ቦታ ሲቀያየሩ እርሳቸው ደብተሩን ሳያዞሩ ቀጠሉ፤ በዚህም ምክንያት ሳያስቡት ልክ ሆኑ። ደጀን ሦስተኛውን ሲያገባ ለደጀን ቆጠሩለት። ሜዳ ላይ ሦስት ለባዶ የተሸነፈችው አምበር፣ በሬዲዮዎ ሁለት ለአንድ አሸንፋ ሥርጭቱ ዋንጫው ሳይሰጥ በሰዓት እጥረት ተቋረጠ። ረውዳ ልትነግራቸው ሜዳውን ዞራ ትሪቡኑ ሥር ደርሳ ነበር፤ «የጋዜጠኛ ባጅ የለሽም» ተብላ ተመለሰች።

ክቡር ሆይ፣ በዚህ ጥፋት እኔም ድርሻ አለኝ። ሊጠገን የመጣ ትልቅ ድምፅ ማጉያ ሱቄ በር ላይ ሰቅዬ ጨዋታውን ለከተማው ሁሉ አሰማሁ። ሕዝቡ አስፋልቱ ላይ ወጣ፤ ነጋዴው በግ ገዛ፤ እልልታው እስከ ገበያው ተሰማ። የተጫዋቾቹ መኪና ሲደርስ ልጆቹ አንገታቸውን ደፍተው ወረዱ። ሰዉ ድካም መሰለው። በረኛውን ቢያዝንን ትከሻ ላይ አውጥተው ሲያዞሩት ልጁ «አውርዱኝ! ሦስት ገብቶብኛል እኮ!» እያለ ይጮኻል፤ ሕዝቡ ደግሞ «እዩት ትሕትናውን!» እያለ የባሰ ያወዛውዘዋል። እውነቱ ሲታወቅ ልጁ ተላገዱብኝ ብሎ ሁለት ሳምንት ከቤት አልወጣም። ልምምድ አቁሟል። በጉ ግን ተበልቷል።

እስከዚህ ድረስ ያለው ያስቃል፤ እኔም ስቄያለሁ። ከዚህ በኋላ ያለው ግን፣ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ያቅለሸልሻል።

አራተኛ፣ በማግሥቱ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ወጣ። የተጻፈው ለአቶ አምደሚካኤል አይደለም። «የተሳሳተ የሜዳ ንድፍ በማዘጋጀት የጣቢያውን መልካም ስም ስላጎደፉ» ተብሎ የተጻፈው ለረውዳ ነው። ከስፖርት ክፍል ተነሥታ የጠፋ ዕቃ ማስታወቂያ አንባቢ ሆነች። አሁን በየቀኑ ሁለት ጊዜ፣ ስለ ጠፋ መታወቂያና ስለ ጠፋች በቅሎ በሚያምር ድምፅ ትናገራለች፤ ጎል የማይችለው ድምፅ በቅሎ እንደሚችል አረጋግጠናል። አንድም መስመር እርማት በአየር ላይ አልዋለም። አምበርን ይቅርታ የጠየቀ የለም። ፀሐይ ላይ አስቀመጧት፤ ፀሐይ ላይ ሆና ያየችውን ጻፈች፤ ጥላ ሥር ሆነው አነበቡባትና «ተሳስተሻል» አሏት። የበሰበሰ ባትሪ የፈሰሰበት ሬዲዮ በየቀኑ እከፍታለሁ፤ ሽታውን ለምጄዋለሁ። ይህን ደብዳቤዎን ስከፍት ግን አፍንጫዬን ያዝኩ።

ልጅቱ አላለቀሰችም። ቁጭ ብላ በጥሩ እጅ ጽሕፈት የሥራ መልቀቂያ ጻፈችና «ሰኞ ይዤው እገባለሁ፣ አጎቴ» አለችኝ። ወረቀቱ አሁን ከፊቴ ነው፤ ንፋስ እንዳይወስደው የድምፅ ማጉያ ማግኔት ጭኜበታለሁ። ቢወስደው ደስ ባለኝ። ሱቄ ውስጥ ከጎኔ ሆና ገመድ ብትበይድ እጠላለሁ ማለቴ አይደለም፤ ነገር ግን ሰባት ዓመት ዳገት ላይ የተቀመጠችው ገመድ ልትበይድ አልነበረም።

አምስተኛ፣ ከላይ ስለተዘረዘረው ሁሉ የምጠይቀው ጥቂት ነው፤ እርማቱ በጣቢያዎ በግልጽ እንዲነገር፣ ደብዳቤው እንዲሻር፣ ልጅቱም ወደ ሥራዋ እንድትመለስና በመጪው እሁድ ጉንደ ወይንና አምበር ሲጋጠሙ

ክቡር ሆይ፣ የሱቄ በር እየተንኳኳ ነው። በዚህ ሰዓት የምጠብቀው ሰው የለም። በስንጥቁ ሳይ አንድ የተከበሩ ሰው ላብ በላብ ሆነው ቆመዋል፤ በእጃቸው አንድ ሰማያዊ ነገር ይታየኛል። እንግዳ ደጅ ማቆም ስለማይገባ አምስተኛውን ሳልጨርስ እነሣለሁ።

ስለ ትዕግሥትዎ፣ ስለ ጥላዎ፣ ስለ መጋረጃዎም ምስጋናዬ የማይለይዎት፣ ጣቢያዎን በየቀኑ ከፍቼ በየቀኑ የማዝን፣ ታማኝ አድማጭዎና ወንበር አጥ አገልጋይዎ፣
ሙነወር፣ ሬዲዮ ጠጋኙ
አምበር

ተጨማሪ፦ እንግዳው አቶ አምደሚካኤል ነበሩ። ወንበሬን ይዘውልኝ መጥተዋል። ውሃ ከጠጡ በኋላ ረውዳን አስጠርተው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «እሁድ የማስተላልፈው እኔ ነኝ፤ አለቃ ናቸው የላኩኝ፤ ደብተሩን ጨርሰሽው ከሆነ ብዬ» አሏት። እርሷም በትሕትና እጅ ነሥታ፣ «ጋሽ አምዴ፣ እኔ አሁን የጠፋ ዕቃ ክፍል ነኝ። ደብተር ጠፍቶብዎት ከሆነ መልኩን ይንገሩኝና ነገ ጠዋት አስነግርልዎታለሁ» አለቻቸው። ባዶ እጃቸውን ሄዱ።

ከሄዱ በኋላ ማግኔቱን አነሣች፤ መልቀቂያውን ቀድዳ ትጥለዋለች ብዬ ስጠብቅ፣ ገልብጣ በጀርባው የእሁዱን ሜዳ መሳል ጀመረች። ጠጋ ብዬ አየሁት፤ በዚህ ጊዜ የተሳለው ከትሪቡኑ በኩል ነው። ስለዚህ እሁድ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እዚያ አንድ መቀመጫ እንዲጠረግላት በአክብሮት አሳስባለሁ፤ ካልተጠረገ ሰኞ የወረቀቱ ሌላኛው ገጽ ይደርስዎታል። ከቤት ወንበር ይዛ መምጣት አትችልም። የክብር እንግዳዎ የመለሱልን አንድ እግሩን ሰብረው ነው።