በዶልፊን ስለተሸነፈው የዛፍ ሽበት

ጅግጅጋ፣ ሚያዝያ 10 ቀን 2004 ዓ.ም.
ለተከበሩ ርዕሰ መምህር አቶ ዳሂር

ጤናዎ እንዲበረታ፣ ቤተሰብዎ ሰላም እንዲሆን፣ የቢሮዎ ወንበርም ሁልጊዜ እንዲመችዎ እየተመኘሁ፣ እኔ የስድስተኛ «ሐ»ዋ የሔርሜላ እናት፣ ከስምንተኛ ክፍል ያላለፍኩ ሴት፣ በታላቅ አክብሮት ይህን እጽፍልዎታለሁ። በቢሮዎ በር ላይ የለጠፍኩትም ሦስት ቀን ተመላልሼ እርስዎን ስላጣሁ እንጂ ለክፋት አይደለም።

በሳይንስ ውድድሩ ልጄ ከተራራ ጥድ ላይ የለቀመችውን የዛፍ ሽበት፣ የጎረቤቴ የዑባህ ልጅ ሂባቅ ደግሞ በውሃ ቀለም የሳለችውን ዶልፊን አቀረቡ። የፊታችን ሰኞ ለቀጣዩ ውድድር ደገሀቡር ለሚሄደው አንድ ተማሪ የተያዘው ቦታ ለዶልፊኗ ሆነ። እንኳን ደስ ያላት።

1ኛ. መመዘኛዎ ግሩም ነው፤ ይንቀሳቀሳል ወይ፣ ድምፅ ያሰማል ወይ፣ ልጁን ያጠባል ወይ። የእኛ ሽበት ከሦስቱም ዜሮ አገኘ። ፍየሌን ጎትቼ ባመጣ ኖሮ ሙሉ ማርክ ታገኝልኝ ነበር፤ ሳላስበው ቀረሁ።

2ኛ. የዛፍ ሽበት ማለት ፈንገስና አልጌ አንድ ላይ የሚኖሩበት ነው፣ አንዱ ቤት ሲሆን አንዱ ምግብ ያዘጋጃል ብላ ልጄ ስታስረዳ እርስዎ ስልክ ያወሩ ነበር፤ ለዶልፊኗ ግን ቆመው አጨበጨቡ። እኔና ዑባህም አሥራ ስድስት ዓመት አንድ ግድግዳ ተጋርተን ስንኖር እንደዚያ ነን እል ነበር፤ እሷ ግን ቀለሙን ከድንበር ከቶጎጫሌ ስታስመጣ ለእኔ ትንፍሽ አላለችም። ቅናት ነው ካሉኝ አልክድም። ከዚያ ወዲህ የምትልክልኝ ሳምቡሳ ሳይቀር ይመረኛል፤ መብላቱን ግን አልተውኩም።

3ኛ. ሽበቱን ቆሻሻ ነው ብለው ከነካርቶኑ አጥር ሥር ስላስጣሉልን፣ ተሸክሞ ከመመለስ አድነውናልና እናመሰግናለን።

ባሕር አይተን ለማናውቅ ወላጆች ዶልፊኗን በቢሮዎ ግድግዳ ላይ ሰቅለው ባሕር ስላሳዩን ውለታዎን የማልረሳው፣ ሁሌም አክባሪዎ፣
እናትአለም

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤውን ሳልለጥፍ ሐሙስ ዕለት ያ ዝናብ ጣለ። የቢሮዎ ጣሪያ አፍስሶ ያቺ የባሕር እንስሳ በአንድ ዝናብ ታጥባ ነጭ ወረቀት ብቻ ቀርቷል አሉ። የሂባቅ ለቅሶ በግድግዳው በኩል ሲሰማኝ በዚያ ቀን ሳምቡሳ የላኩት እኔ ነኝ። አጥር ሥር ያስጣሉት ሽበት ግን ውሃውን ጠጥቶ አረንጓዴ ሆኗል። እንዳሉትም አይንቀሳቀስም፤ ካስጣሉት ቦታ ሆኖ እየጠበቀዎት ነው።