የነገረኛው ደንበኛችን ዝምታ

ይድረስ ለእትዬ፤ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ናፍቆትሽን ካልቆጠርነው ደህና ነኝ።

ካስረከብሽኝ ወዲህ የኮምፒውተር ቺፕ ፋብሪካችን ሰላም ነው። የደንበኞችን ንድፍ ተቀብለን እንሠራለን፤ እንዳስለመድሽንም ጥፋታችንን ደንበኛው ሳይደርስበት እንናገራለን። በቀደም አቧራ ገብቶ ምርቱ ሲበላሽ ለነገረኛው ደንበኛችን ራሴ ደወልኩለት። «እሺ» ብሎ ዘጋው። ለጭረት ምድር ቀውጢ የሚያደርገው ሰውዬ!

ከዚያ ወዲህ ድምፁም የለ። ሠራተኞቹ «ተገላገልን» ብለው ይስቃሉ፤ እኔም እስቃለሁ። የእሱን ትእዛዝ የምንሠራባቸው ማሽኖች ሥራ ስለፈቱ እየወለወልናቸው ነው፤ መስታወት መስለዋል።

ለመሆኑ አንቺን ሲያኮርፍሽ ምን ትይው ነበር? ለጨዋታ ያህል ነው። የቢሮው ስልክ ይሠራል፤ ከጎን ክፍል ሆኜ ደውዬ አይቼዋለሁ።

በይ፣ ዓይንሽን ለማየት ያብቃኝ። ስትደውይልኝ ግን በቤቴ ስልክ ይሁን፤ የቢሮው እንዳይያዝ።

ታናሽ ወንድምሽ