ጮክ ብዬ ያነበብኩት ስም

እናትም እህትም ለሆንሽኝ ለታላቅ እህቴ፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ይህን ሁሉ ዝናብ እንዴት ቻለው? የካሳቫ ማሳሽን ጎርፍ እንዳልነካው ሰምቼ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። እኔ ከእንቅልፍ በቀር ምንም አልጎደለኝም። እሱም ይመጣና ደጅ ቆሞ ይመለሳል።

ደብዳቤሽ ማክሰኞ ደረሰኝ። የተማሪ ደብተር ስታርሚበት የኖርሽውን ሐምራዊ ቀለም እስከ ዛሬ አለመተውሽ! ፖስታውን ሳልከፍተው እስከ ማታ አስቀመጥኩት። እርጅና ነው በይው።

ሁለት ነገር ብለሽኛል። ምክር ቤቱ በተከፈተ ቀን፣ ሲገዳደሉ የኖሩ ሰዎች ለእርቅ እጃቸውን ሲታጠቡ፣ ውኃውን የማፈሰው እኔ ነበርኩ። "በቴሌቪዥን አየሁህ፤ ያንተንስ እጅ ማን አስታጠበህ?" ብለሽ ቀልደሽብኛል። ማንም አላስታጠበኝ፣ እታለም። ሁለተኛው ግን ትእዛዝ ነው፦ "ሐሙስ የጠቋሚዎቹ ዝርዝር ሲነበብ የዓሣ አጥማጁን የሉባኪን ስም ጮክ ብለህ አንብበው፤ ሬዲዮኑን ከፍቼ እጠብቃለሁ።"

መልሴ ረጅም ነውና ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

አፈ ጉባኤ ያደረጉኝ ስለወደዱኝ እንዳይመስልሽ። ፓርቲው ወድቆ ሰሜኑ ደቡቡን፣ ወታደሩም ሲቪሉን አላምን ሲል አንድ ሽማግሌ ተነሥቶ፣ "ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፣ ለማን ብሎ ይሰርቃል? ጳጳሱ ይቀመጥ!" አለ፤ አጨበጨቡና ተቀመጥኩ። ባለፈው ደግሞ አንድ የቀድሞ ኮሎኔል ልማድ ይዞት "ጓድ ጳጳስ!" ብሎ ሲጠራኝ እንባችን እስኪፈስ ሳቅን። ሳቅ አለ፣ አልዋሽሽም።

ግን በየጠዋቱ የእንደራሴዎቹን ስም የምጠራው እኔ ነኝ። ከመምህራን ወገን አንድ ንሶንዴ የሚባል አለ፤ ከሟች ባልሽ ጋር ስም እንጂ ዝምድና የለውም። ለካ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሳላውቀው ስሙን ስዘለው ኖሬያለሁ። ዓርብ ዕለት ተነሣና፣ "ብፁዕ አባታችን፣ እኔ ሞቻለሁ እንዴ?" አለኝ። አዳራሹ በሳቅ አወካ። እኔ ግን ከሰውየው ኋላ፣ በሩ አጠገብ፣ ያንቺን ንሶንዴ አየሁት። ያቺን የቆዳ ቦርሳውን ይዟል፤ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ረጥቧል። ተራው እስኪደርስ እንደሚጠብቅ ሰው ቆሟል። ከዚያ ወዲህ ቀና ባልኩ ቁጥር እዚያው ነው።

አሁን የምነግርሽን ለንስሐ አባቴም ግማሹን ብቻ ነው የተናገርኩት።

ያን እሑድ አትረሺውም። ባልሽ በመምህራን ማኅበሩ ምክንያት ይፈለግ ነበር። ሰኞ ማለዳ ሉባኪ በታንኳው ወደ ማዶ ሊያሻግረው ተነጋግረናል። ይህን የምናውቅ አራታችን ብቻ ነበርን፤ እሱ፣ አንቺ፣ እኔና ሉባኪ። አንቺ ቤት ቀርተሽ ለመንገዱ የካሳቫ ዳቦ ሺክዋንግና የተጨሰ ዓሣ በቅጠል ትጠቀልይለት ነበር። እኔ እየቀደስኩ ነበር። ልማዳችንን ታውቂያለሽ፤ ምእመኑ ልመናውን በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ወደ ቅርጫቱ ይልካል፣ ቤት የቀረም በሰው እጅ ይልካል፣ ቄሱ ጮክ ብሎ ያነባል። ወጣት ነበርኩ፤ ድምፄንም እወደው ነበር። ለታመመችው፣ ለፈተናው፣ ለዝናቡ እያልኩ ሳላስበው ቀጠልኩ፦ "ነገ ማለዳ ወንዙን ለሚሻገረው ለንሶንዴ፣ በሰላም ያድርሰው።" ሕዝቡ "ጌታ ሆይ ስማን" ማለቱን ረሳ። የራሴን ድምፅ የሰማሁት ያኔ ነው። ሦስተኛው ረድፍ ላይ የሰፈሩ የፓርቲ ተጠሪ ተቀምጦ ነበር። ጉልበቱን አራግፎ፣ ቅዳሴው ሳያልቅ ወጣ።

ልብሰ ተክህኖዬን እንደለበስኩ ሮጬ ልነግራችሁ ይገባኝ ነበር። እኔ ግን ቅዳሴውን ጨረስኩ። ከዚያም "ምናልባት አልሰማ ይሆናል" አልኩ። ፈራሁ፣ እታለም። ሌላ ስም የለውም፤ ፈራሁ።

ሰኞ የፓርቲው ሰዎች ወንዙ ዳር ጠበቁት። ሉባኪ ክንዱ ተሰብሮ ብቻውን ሲመለስ፣ "ለማስመሰል ነው የሰበሩት" ተባለ። አንቺም አልሽ። ይኸው አሥራ አራት ዓመት፣ ከእሱ ዓሣ የምትገዛን ሴት ሁሉ አኩርፈሽ ኖርሽ። እኔ ዝም አልኩ። ቅዳሴው ላይ የነበሩትም ዝም አሉ፤ ያን ጊዜ ሰማሁ ማለትም ያሳስር ነበር።

አሁን ባንቺ ምስክርነት ስሙ አሥራ አንደኛ ተራ ላይ ተጽፏል። ባለፈው ወር እንዲህ ስሙ በሬዲዮ የተነበበ አንድ ሰው ቤቱን ዘግተው አቃጥለውበታል፤ እሱ ውስጥ እያለ። ምክትሌ፣ "አንብቡትና እንገላገል፣ ብፁዕነትዎ፤ እርስዎ አልጻፉት!" ይለኛል። ያኔም አልጻፍኩትም። ሥራዬ ማንበብ ብቻ ነበር።

ቅዳሜ ሉባኪ ዘንድ ሄጄ ነበር። እግሩ ላይ ልወድቅ ስል በደኅናው ክንዱ ያዘኝ። "ተው አባ፣ አውቃለሁ እኮ!" አለኝ። ሚስቱ ቅዳሴው ላይ ነበረች፤ አሻጋሪው ባሏ መሆኑን ግን አታውቅም ነበር። የሰማችውን የነገረችው ሰኞ ማታ ክንዱን ስታስርለት ነው። "ታዲያ ምነው ዝም አልክ?" አልኩት። "ሰው መጥላት ካለባት እኔን ትጥላ፤ ትከሻዬ ሰፊ ነው" አለ። የቀረውን አልጽፍልሽም። ክፉ ቃል ግን አልወጣውም።

ሐሙስ አሥረኛው ስም ላይ ስደርስ መዶሻዬን ለምክትሌ እሰጣለሁ። አፈ ጉባኤ ወንበሩ ላይ ሆኖ አይመሰክርም፤ ለመመስከር የወረደም ተመልሶ አይቀመጥበትም። ከምስክሮቹ ጋር ቆሜ የራሴን ስም ጮክ ብዬ አነባለሁ። ከጵጵስናው ቢሽሩኝም ይሻሩኝ።

ያቺን ቁራጭ ወረቀት አሥራ አራት ዓመት በጸሎት መጽሐፌ ውስጥ አኑሬያት ነበር። እሑድ አቃጠልኳት። "ማን ጻፋት?" ማለታቸው አይቀርም። ሉባኪ እንደሆነ ፊደል አይቆጥርም። የጸሐፊ ስም አልነበረባትም እላለሁ፤ እውነት ነው። በምን ቀለም እንደተጻፈች ከጠየቁኝ ግን አላስታውስም እላለሁ። በዚያ አዳራሽ የምዋሻት ውሸት እሷ ብቻ ናት።

ሐሙስ ሬዲዮንሽን ይዘሽ ሉባኪ ቤት ሂጂ። እባክሽ፣ ብቻሽን አትስሚው።

ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ እንቅልፍሽን አይንሳሽ። ሁሉም ሲያልቅ እመጣለሁ። ያኔ እጄን አንቺ አስታጥቢኝ። እኔም ያንቺን አስታጥብሻለሁ።

አዝለሽ ያሳደግሽኝ ታናሽ ወንድምሽ