ባዶውን የማይመለስ ሳህን

ውድ ልጄ ቱላይ፣

ይህን የምጽፍልሽ ከዕቃሽ መሃል ባገኘሁት ባለ ካሬ ደብተር ላይ ነው። የተማርኩት እስከ አምስተኛ ክፍል ብቻ እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ እጄ ቀርፋፋ ነው። ከጠዋት ጀምሬ ተቀምጬ ሻዩ ሁለቴ ቀዘቀዘብኝ። ትንሽ ሳለሽ ቅጽ ስሞላ ከጎኔ ቆመሽ «እማዬ፣ ፊደሎችሽ ይንጋደዳሉ» ትይኝ ነበር። አሁንም ይንጋደዳሉ። ታገሺኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ሳፍራንቦሉ ሄጄ መጣሁ። አንቺ በያዝሽልን ቦታ።

ግን ከዚያ በፊት የሳህኑን ነገር ልጻፍ። ካልጻፍኩት ሌላው አይወጣልኝም።

ባልሽን ትተሽ ሻንጣሽን ይዘሽ የመጣሽ ቀን በሩ ላይ ቆሜ «ወደ ቤትሽ ተመለሺ፤ ጎረቤት ምን ይለኛል?» አልኩሽ። ጫማሽን እንኳ አላስወለቅኩሽም። አንድም ክፉ ቃል ሳትመልሺልኝ ወረድሽ። ከዚያ ወዲህ በየዓርቡ ትመጪ ነበር። ደወሉን ትደውዪና ያን ጠርዙ ሰማያዊ የሆነ የቆርቆሮ ሳህንሽን ምግብ ሞልተሽ ደፉ ላይ አስቀምጠሽ ትሄጃለሽ። እኔ ከበሩ ጀርባ እጀታውን ይዤ ቆሜ ኮቴሽን እቆጥራለሁ። ስድሳ አራት ደረጃ ነው። ስድሳ አራተኛው ላይ መድረስሽን ሳውቅ እከፍታለሁ።

ያመጣሽውን እበላ ነበር። ጣፋጭ ነበር። ሳህኑን አጥቤ በሚቀጥለው ዓርብ ደፉ ላይ አስቀምጥልሻለሁ። ባዶውን።

ሳህን ባዶውን አይመለስም ብዬ ያስተማርኩሽ እኔው ነኝ። ስድስት ዓመት ሲሆንሽ ከላይ ፎቅ ላለችው ጎረቤታችን ለኑሪዬ ሳህኗን መልሺ ብዬ ብልክሽ፣ ቤት ውስጥ ምንም ስላላገኘሽ የራስሽን የፀጉር ማስያዣ ሳህኑ ላይ አድርገሽ ወስደሽላታል። ኑሪዬ እስካሁን ታወራዋለች። እና እኔ፣ ያን ያስተማርኩሽ ሴት፣ አምስት ወር ሙሉ ባዶውን መለስኩልሽ። ረስቼ አይደለም። እንዲያምሽ ብዬ ነው። አንቺ ግን እዚያው ደፉ ላይ ካመጣሽው ምግብ መልሰሽ ትሞዪው ነበር።

በመጨረሻው ዓርብ ያመጣሽው በወይን ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ ነበር። ከሥሩ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አገኘሁ። «እማዬ፣ በሚመጣው ወር የመጨረሻ ቅዳሜ ለሳፍራንቦሉ ጉብኝት ሁለት ቦታ ይዣለሁ። ጠዋት ከአንካራ ሄደን ማታ እንመለሳለን። አስጎብኚ አለች፤ እሷ ስታወራ እኛ ዝም ብለን ልንውል እንችላለን። የምትመጪ ከሆነ ዓርብ ሳህኑ ላይ የሆነ ነገር አድርጊበት። ጨውም ይበቃል።»

ረቡዕ ከሥራ ቦታሽ ደወሉ። ልብሽ ነው አሉኝ፤ ወንበርሽ ላይ እንደተቀመጥሽ። ዓርቡ ሳይደርስ።

ሳህኑ ላይ ምን ላደርግበት እንደነበር ትጠይቂኝ ይሆናል። እዚህ ደብተር ላይ አልዋሽሽም። አልወሰንኩም ነበር።

ከቀብርሽ በኋላ የለቅሶው ጣፋጭ፣ ሃልዋው ተቆላ፣ ቁርአን ተቀራ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሳህን ሳህኑን ይዞ መጣ። አሥራ አንድ የሰው ሳህን ኩሽናዬ ውስጥ ተደርድሮ ቀረ። ሊጥ መንካት ስላቃተኝ አንዱንም አልመለስኩም። «ሞተች» የሚለውንም ቃል ከአፌ አላወጣሁም። ኢማሙ ብሎታል፣ ኑሪዬ ብላዋለች፣ እኔ ግን አላልኩም። ገበያ ላይ አትክልት ሻጩ «ቱላይ ጠፋች» ሲለኝ «ሥራ በዝቶባት ነው» ብዬ ቲማቲሙን መምረጥ ቀጠልኩ።

ከዚያ ከአስጎብኚዎቹ ተደወለ።

«የቱላይ ስልክ አይነሳም፤ ሁለተኛ ብላ የሰጠችን ይህን ቁጥር ነው» አለች ሴትዮዋ። «ቅዳሜ ሁለት ሰው ናችሁ። ትመጣላችሁ?»

«እንመጣለን» አልኩ።

 «እመጣለሁ» ማለት አልቻልኩም። ደግሞ በዚያ ሁሉ ኩርፊያ መሃል የኔን ቁጥር መስጠትሽ!

ዓርብ ዕለት፣ ከሰባት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ዱቄት አቦካሁ። ጎመንና አይብ ያለው ቦሬክ ጋገርኩ። ሁለት ቁራጭ ቆርጬ ጠርዙ ሰማያዊ በሆነው ሳህንሽ አደረግኩ፤ በፎጣ ቋጠርኩት።

አስጎብኚዋ ፊክሪዬ ትባላለች። ሃምሳ ሊሞላት ነው፣ ድምፅዋ ወፍራም፣ አፏ የማያርፍ። አውቶቡሱ በር ላይ ስም ስትጠራ «ሳቲ» ብላ ቀና አለችና «እንዲህ ያለ ስም ካየሁ ቆየሁ! አያቴም ሳቲ ነበረች» አለችኝ። ስሜ «የተሸጠች» ማለት መሆኑን ታውቂያለሽ። እናቴ ከኔ በፊት ሁለት ልጅ ቀብራ፣ እኔ እንድቆይላት ለአንድ ቅዱስ ወሊ መቃብር በስም ብቻ ሸጠችኝ። አንቺን ስወልድ ይህ ኋላ ቀርነት ነው ብዬ ከተሜ የሚያወጣውን የሚያምር ስም አወጣሁልሽ። አውቶቡሱ በር ላይ ይህንን አሰብኩ።

«ቱላይስ?»

«ልጄ ናት» አልኩ። «በራሷ መኪና ነው የምትመጣው። እዚያ ታገኘናለች።»

እንዴት ከአፌ እንደወጣ አላውቅም። ወጣ። በመስኮቱ በኩል ባለው መቀመጫሽ ላይ ቦርሳዬን አኖርኩ። ከፊታችን ሙዛፈር የሚባል ጡረተኛ የባቡር ሠራተኛና ሚስቱ ኔርሚን ተቀምጠዋል። ኔርሚን ባሏ ሲያንኮራፋ ራሷን ስላመማት «ከጎንሽ ልቀመጥ?» ብትለኝ «ሰው አለው» አልኳት።

ሳፍራንቦሉ ገደል ውስጥ የተቀመጠች ከተማ ናት። መንገዷ ሁሉ ድንጋይ ነው፤ አብረሽኝ ብትሆኚ ጉልበቴን እያሰብሽ ከኋላዬ ቀስ ትዪ ነበር። ፊክሪዬ ከኮረብታው ላይ ቆማ፣ ዳገቱን ሙሉ ተደርድረው የወጡትን ነጫጭ ቤቶች እያሳየች «አያችሁ፣ አንዱ ቤት የሌላውን መስኮት አይጋርድም። ሲሠሩ ለጎረቤት ፀሐይ አስበው ነው» አለች። እኔ ጎረቤት ምን ይለኛል ብዬ ልጄን ከደጅ የመለስኩ ሴት፣ ቆሜ ሰማኋት።

«ልጅዎ ደረሰች?» አለችኝ።

«መንገድ ላይ ናት።»

ጫማ ሰፊዎቹ መንገድ ላይ እንደገና ጠየቀችኝ። ምሳ ላይ አስተናጋጁ ላንቺም ማንኪያ አስቀመጠ። ሾርባሽ ቀዘቀዘ። ሙዛፈር ዳቦ እየቆረሰ «ልጅሽ መኪና ነው የያዘችው በቅሎ?» ሲለኝ ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ሚስቱ በክርኗ ጎሰመችው፤ «አንተ ደግሞ! በቅሎም ብትሆን ካንተ መኪና ትቀድማለች።»

ከምሳ በኋላ አንድ ትልቅ የድሮ ቤት አስገቡን። ላይኛው ፎቅ ላይ በኩሽናውና በወንዶች እንግዳ መቀበያ መካከል፣ ግድግዳው ውስጥ የተሠራ ክብ የእንጨት ቁም ሳጥን አለ። ይዞራል። በድሮ ጊዜ ሴቶቹ ምግቡን በኩሽናው በኩል አስቀምጠው ያዞሩታል፤ በዚያ በኩል ያሉት ወንዶች ያነሱታል። ማንም የማንንም ፊት አያይም።

«እስቲ እንሞክረው» አለች ፊክሪዬ። «እማማ ሳቲ፣ እርስዎ ኩሽናውን ይያዙ። እኛ እንግዶች ነን። ከቤተ መንግሥት ነው የመጣነው፤ ርቦናል!»

ሁሉም እየሳቁ ወደዚያኛው ክፍል ሄዱ። ብቻዬን ቀረሁ። የማስቀምጠው ሌላ ምንም አልነበረኝም፤ ፎጣውን ፈትቼ ሳህንሽን ከነቦሬኩ መደርደሪያው ላይ አኖርኩና ገፋሁት። ቁም ሳጥኑ እየተንቋቋ ዞረ። ሳህኑ ከዓይኔ ጠፋ። ቱላይ፣ ያኔ በራችን ጀርባ የቆምኩ መሰለኝ።

«ኧረ እውነተኛ ቦሬክ ነው!» ሲሉ ሰማሁ። ከዚያ ሙዛፈር አፉ እንደሞላ፣ እንደ ድሮ ሹም፣ እንደ ፓሻ ጮክ ብሎ «አንቺ ሴት! እጅሽን ቁርጥማት አይንካው!» አለ።

«ጉድ ነው!» አለች ኔርሚን። «ለኔ በአርባ ዓመት አንዴ ያላልከውን!»

እጅሽን ቁርጥማት አይንካው። ጠረጴዛችን ላይ ከልጅነትሽ ጀምሮ ሳትይው የተነሳሽበት ቀን የለም። ብቻዋን የምትበላ ሴት ይህን የሚላት የለም።

«እማማ ሳቲ» አለች ፊክሪዬ ከእንጨቱ ወዲያ፣ «ይቺ የቀረችው አንዷ ቁራጭ የማን ናት? ሙዛፈር ዓይኑን ጥሎባታል።»

«የልጄ ናት።»

«እሷ እስክትደርስ ትሻግታለች እኮ! መቼ ነው የምትመጣው?»

እንጨቱን አየሁት። የብዙ ሴት እጅ አለስልሶታል። ፊቴን የሚያይ ሰው አልነበረም፤ እኔም የማንንም ፊት አላይም።

«አትመጣም» አልኩ። «ልጄ ሞታለች። ሰባት ሳምንቷ ነው።»

በዚያ በኩል አንድ ሰው ሲራመድ ወለሉ ሲንቋቋ ሰማሁ፤ ቆመ። ፊክሪዬ በቀስታ «አላህ ያጽናሽ፣ እናቴ» አለች።

ከዚያ ቁም ሳጥኑ መዞር ጀመረ። ሳህንሽ ተመለሰ። ያቺ ድርሻሽ የሆነች ቁራጭ አልተነካችም። ከጎኗ አንድ ቁራሽ የሎኩም ጣፋጭ፣ አውቶቡሱ ላይ የታደለን አንድ ከረሜላና ሦስት ለውዝ ነበሩ፤ ለውዞቹ ከኮት ኪስ ስለወጡ የኪስ ብናኝ ተጣብቆባቸዋል።

«እህቴ» አለ ሙዛፈር፤ ድምፁ እንደ ፓሻ አልነበረም። «ሳህን ባዶውን አይመለስም ብለን ነው።»

እዚያው ኩሽና ወለል ላይ ተቀመጥኩ። ማንም ሊያየኝ አልመጣም። እስክነሳ ድረስ በወዲያኛው ክፍል ጠበቁኝ።

ስንመለስ ፊክሪዬ መተላለፊያው ላይ እየሄደች ቆጠረች። ጠዋት ሃያ አራት እንሆናለን ብላ ነበር። አሁን እኔ ጋ ስትደርስ እጇን ትከሻዬ ላይ አድርጋ ለሾፌሩ «ሃያ ሦስት። ሙሉ ነን» አለችው። ልክ ነበረች። ቦርሳዬን ከመቀመጫሽ አነሳሁ። ኔርሚን ሳትጠይቅ መጥታ ተቀመጠች፤ ትንሽ ቆይቶ እሷም እንደ ባሏ አንኮራፋች። ተራራው እስኪጠፋ በእሷ አናት ላይ በመስኮትሽ አየሁልሽ።

ቤት ገብቼ ድርሻሽን ቆሜ በላሁ። «እጅሽን ቁርጥማት አይንካው» ያለኝ የለም። ቤቱ ያው ቤት ነው።

ሳምንቱን በሙሉ ስጋግር ሰነበትኩ። አሥራ አንዱንም ሳህን ሞልቼ መለስኩ። ኑሪዬ በሯን ስትከፍት «ቱላይ ከሞተች ወዲህ ዱቄት ከነካሁ ገና ሳምንቴ ነው፤ ጨው ከበዛበት ይቅር በይኝ» አልኳት። ቃሉ ወጣ። እሷም ሰማችው፤ ሳህኑን በሁለት እጇ ተቀበለችኝ።

አሁን ሁሉም ሄዶ የቀረው ያንቺ ሳህን ነው። አጥቤዋለሁ። ለውዞቹ ከደብተሩ አጠገብ ናቸው፤ አልበላኋቸውም።

ዛሬ ዓርብ ነው፣ ልጄ። መልስ ጠይቀሽኝ ነበር፤ ዘገየሁብሽ። ሳህንሽ ላይ አንድ ቁንጣሪ ጨው አድርጌ ደፉ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ከእንግዲህ በየዓርቡ የሆነ ነገር አደርግበታለሁ፤ ለደጅ አዳሪም ቢሆን፣ ለጎረቤት ልጅም ቢሆን ይደርሳል። ባዶውን አላሳድረውም።

በሩን አልዘጋሁትም።

ከደፉ ወዲህ ያለችው እናትሽ
ሳቲ