በኮባ የታሸገው ቅቤ

ታደሉዬ፣ የምሕረት እናት፣

ከሄድሽ ሁለተኛው ክረምት አለፈ። ይህን የምጽፍልሽ ሆሳዕና መናኸሪያ ሆኜ፣ መሪው ላይ ወረቀት ዘርግቼ ነው። የዳምቦያ ተራዬ ገና አልደረሰም፣ ከፊቴ ሁለት መኪና አለ። ወረድኩ፣ ጎማ ረገጥኩ፣ ሻይ አዘዝኩ፣ ሳልጠጣው ተመለስኩ። ብትኖሪ ምን ነካህ፣ አንድ ቦታ ተቀመጥ እንጂ ትዪኝ ነበር። ጋቢና አጠገቤ ያለው ተሳፋሪ አይደለም፣ ማሰሮሽ ነው። ቀበቶ አስሬለታለሁ። የሚያልፍ ሁሉ እያየ ይስቃል፣ ይሳቅ።

የማሰሮውን ነገር ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ግን ዛሬ ካላወራሁት አይወጣልኝም። ከምሕረት በኋላ ሌላ ልጅ ስንት ዓመት ለምነን ዝም ያልን ሰዎች ነን። ሆድሽ መግፋት ሲጀምር፣ የወር አበባሽም ሲቀር፣ ጸሎት ቤት እግዚአብሔር አሰባት ተባለ። የቅቤ ዕቁብ ጓደኞችሽ ተራሽ ሳይደርስ የሁሉንም ቅቤ ሰብስበው አመጡልሽ፣ ስትወልጂ ቡላው በቅቤ ለሚበስልበት ለአራስ አተካናሽ ይሆናል ብለው። አንቺም አመንሽ፣ እኔም አመንኩ። እኛ ቤት ከሐኪሙ ቅቤው ቀደመ።

አልትራሳውንድ ላይ ልጅ አልነበረም። ሆዷ ውሃ ቋጥሯል ተባልን። በመርፌ ሊቀዱት ሞከሩ፣ አልወጣ አለ። አዲስ አበባ ሆድሽ ተከፍቶ ሲታይ ነው የገባን። ውሃ ሳይሆን እንደ ተልባ የሚሳብ ዝልግልግ ነገር ሞልቶታል። ሐኪሙ ከትርፍ አንጀት የሚነሳ፣ እምብዛም የማይገጥም የካንሰር ዓይነት ነው አለን። እንደ ሌላው አይሮጥም፣ ቀስ እያለ ሆድ ይሞላል። ሕክምናው ረጅም ኦፕራሲዮን ነው፤ ሁሉን ጠራርጎ ማውጣት፣ ከዚያ ሆድ ዕቃን በሞቀ መድኃኒት ማጠብ። ተጠርጎ ካለቀ ብዙ ዓመት የሚኖሩ አሉ፣ ትንሽ ከቀረ ግን ተመልሶ ይሞላል። የማጠቡን ሕክምና እኛ የምንደርስበት ቦታ አላገኘንም። የቻሉትን ያህል አወጡልሽ። ስንት ዓመት ትኖራለች ብዬ ብጨቀጭቀው፣ ቁጥር አልሰጥህም፣ ያገኛችሁትን ጊዜ ኑሩበት አለኝ። ያን ቀን በጣም ተናድጄበት ነበር።

አንቺ ግን ኖርሽበት። ምሕረትን ዳርሽ። በሰርጓ ቀን ቀሚስሽ ወገቡ ሰፍቶሽ ስትስቂ ዛሬም ይታየኛል። ቅቤውን ልትመልሺ ሄደሽ ሴቶቹ የተሰጠ ቅቤ አይመለስም ብለው እንቢ አሉሽ። አንጥረሽ ማሰሮ ውስጥ ጨመርሽው፣ አፉን በኮባ አሸግሽው። እዚህ ቤት አንድ ቀን ሰው ይወልዳል፣ እስከዚያ የነካው ወዮለት አልሽ። ከዚያ ሆድሽ እንደገና ሞላ፣ ሁለተኛ መክፈት አይቻልም ተባለ። የቀረውን ልጽፈው አልፈልግም።

ቤቱ ያው ነው። የኩሽናውን ጣሪያ ቀይሬዋለሁ። ላሟን ለእህትሽ ሰጠኋት፤ ስትታለብ ብትቆምልኝ ጥሩ ነበር፣ ላሚቱ ግን እኔን መርገጥ ነው የምትወደው። ማሰሮውን አልነካሁትም።

ከፋሲካ በኋላ ምሕረት አርግዣለሁ አለችኝ። ሰው እልል ሲል እኔ ብርድ ብርድ አለኝ። ይህ በሽታ ከእናት ወደ ልጅ የሚወርድ ዓይነት አይደለም ብሎኝ ነበር ሐኪሙ። ጆሮዬ ሰምቷል፣ ልቤ ግን አልሰማም። ዳምቦያ በደረስኩ ቁጥር ምክንያት እየፈጠርኩ ቤቷ እሄዳለሁ፤ አንድ ቀን ሙዝ ይዤ፣ አንድ ቀን ያልረሳሁትን ጃንጥላ ፍለጋ። አማቷ ጨዋታ አዋቂ ናት፤ ልጅቷን ሰጣችሁን ነው ወይስ አዋሳችሁን ትለኛለች። እኔ የማየው የምሕረትን ፊት ነው፣ ከስቶ እንደሆነ።

ሲብስብኝ በዚሁ መኪና አምጥቼ አልትራሳውንድ አስነሳኋት። ባለሙያዋ ውሃው ጥሩ ነው ስትል ከወንበሬ ዘልዬ ተነሳሁ። የምን ውሃ፣ ይሳባል ወይ፣ እንደ ተልባ ነው ወይ እያልኩ አፈጠጥኩባት። ምሕረት እጄን ይዛ አባዬ ተቀመጥ አለችኝና ያንቺን ነገር ነገረቻት። ሴትዮዋ አልሳቀችብኝም። ይህ ልጁ የሚዋኝበት ውሃ ነው፣ ከዚህ ሌላ ምንም አይታየኝም ብላ እያዘዋወረች አሳየችኝ። ከዚያ የልብ ምቱን አሰማችኝ። ሞተር በድምፁ ነው የማውቀው፤ ያ ምት ምንም እንከን አልነበረውም። አለቀስኩ ታደሉ። ያመንኩት ግን እስከ ማግስቱ ነው።

ዛሬ ጠዋት አማቷ ከጤና ጣቢያ ደወለችልኝ። ወለደች፣ ሴት ናት፣ ሁለቱም ደህና ናቸው አለች። ሆዷስ አልኳት። የምን ሆዷ አለችኝ። ሆዷ ጎደለ ወይ ስላት ጨዋታ የማያልቅባት ሴትዮ ጨዋታዋን ተወች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ጎድሏል የምሕረት አባት፣ በእጄ ዳስሼዋለሁ፣ ጎድሏል አለችኝ።

የዕቁብሽ ሴቶች ቡላውን ይዘው ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። አተካናውን በአንቺ ፋንታ እነሱ ይሠሩላታል። የኮባውን እስር ግን ምሕረት ራሷ እንድትፈታው ነግሬያቸዋለሁ፤ ያሰረው ያንቺ እጅ ነው። ልጅቷም ነፍስ ስታውቅ፣ ሳትወለጂ ድርሻሽን ያስቀመጠችልሽ አያት ነበረችሽ ብዬ እነግራታለሁ። እስኪሰለቻት እነግራታለሁ፣ አንቺን የማስብበት መንገድ ይኸው ነው።

ተራዬ ደረሰ፣ እየጮሁብኝ ነው። ዛሬ ቀስ ብዬ ነው የምነዳው፣ ቅቤሽ እንዳይደፋ።

ያንቺው፣ የምሕረት አባት